ለቴጉን የተቀቀለው የሩዝ አጥሚት

ፒልሱን ፓስፖርት ያወጣችው በስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ፎቶው ላይ የተቆጣች ትመስላለች፤ እውነትም ተቆጥታ ነበር፤ ፎቶ አንሺው «ፈገግ አይበሉ» ብሏት። ለማንም ባትናገርም በቀን አንዴ ከመሳቢያ አውጥታ ባዶ ገጾቹን ታገላብጣለች።

የምትሠራው ሴኡል ውስጥ ማንግዎን ሰፈር፣ «ዳልቢት» የሚባሉትን አምስት ዘፋኞች የያዘው ድርጅት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ልጆቹ ስማቸው ሳይወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጨፍሩ ውለው አንድ ሙዝ ለሁለት ከሚካፈሉበት ጊዜ ጀምሮ ያበላቻቸው እሷ ናት። ዛሬ ፊታቸው በአውቶቡስ ላይ ተለጥፎ ከተማውን ይዞራል። ለእሷ ግን ያው ናቸው፤ «አክስቴ» ሲሏት «አንተ ዝርክርክ፣ ሳህንህን አንሳ!» ትላቸዋለች።

አሁን ቡድኑ ዓለምን ሊዞር ነው፤ ከጃካርታ እስከ ሳኦ ፓውሎ አሥራ አንድ ከተማ። ባለፈው ጉዞ በሆቴል ምግብ ከስተው፣ የመድረክ ሱሪያቸው በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ስለተመለሱ ዘንድሮ አንድ አብሳይ አብሯቸው ይሄዳል። አንድ ብቻ። ፒልሱን «ከኔ ሌላ ማን አለና!» ብላ ሻንጣ ገዛች። በሳምንቱ ቴጉን ተቀጠረ።

ቴጉን ሠላሳ ያልሞላው፣ ጎመን በሚዛን የሚመዝን የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ከድስቷ ቀምሶ «እትዬ፣ ጨው በዛበት» አላት። በሰው ድስት ምን ጥልቅ አደረገው? ከዚያች ዕለት ወዲህ ዓይኑን ላፈር አለችው። ዳይሬክተሩ አቶ ቻ ደግሞ ሰው ማስቀየም የማይሆንለት ሰው ነው። «ሐሙስ የመጨረሻው ልምምድ ነው። ሲያልቅ ሁለታችሁም አንዳንድ ምግብ አቅርቡ፤ ልጆቹ የመረጡት ይሄዳል» ብሎ ከራሱ ላይ አወረደው።

ይሄኔ ፒልሱንን ሰይጣን ሹክ አላት። በነሱ ዘንድ ባሕር ውስጥ ከሚበቅል ተክል የሚሠራው የባሕር ቅጠል ሾርባ የልደት ምግብ ነው፤ በልደቱ ቀን ያልጠጣው ሰው እንዳልተወለደ ይቆጠራል። ቅጠሉ ግን ያሟልጫል፤ ስለዚህ በፈተና ቀን የቀመሰው ሰው ተንሸራቶ ይወድቃል ይባላል። ፕሮፌሰር እንኳ ቢሆን ልጁን በፈተና ጠዋት አያበላም። ፒልሱን ሐሙስ በማለዳ ቅጠሉን ከበሬ ሥጋ ጋር አንተክትካ አጠለለችና በመረቁ የሩዝ አጥሚት ሠራች። ሽታውን እንዲሸፍንላት የሰሊጥ ዘይት ለቀቀችበት።

«ቴጉንዬ፣ በባዶ ሆድማ አትወዳደርም፤ እንካ» አለችው በማር በተለወሰ አንደበት።

ቴጉን ድስቱን አየ፤ እሷን አየ። «ዛሬ ምን ታየዎት፣ እትዬ?»

«ምን ይታየኛል? አንተም የሰው ልጅ አይደለህ!»

ገበያ ደርሳ ስትመለስ ድስቱ ሙልጭ ብሏል። ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ጨረስከው?»

«ሁለት ሳህን በላሁ። የቀረውን ለልጆቹ አደልኳቸው፤ ከልምምድ በፊት ሆዳቸውን ይይዝላቸዋል።»

«ለየትኞቹ ልጆች?»

«ለአምስቱም ነዋ!»

አምስተኛው ዘፈን ላይ አንዱ ከሌላው ትከሻ ተገልብጦ የሚዘልበት ቦታ አለ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይባላል፤ ፒልሱን አርቃ ምሳ የገዛ ልጆቿን ጨመረችበት። ሽርጧን ሳትፈታ ደረጃውን ወጥታ ልምምድ አዳራሹ ገባች። እግር እግራቸውን እያየች «ቀስ! ኧረ ቀስ!» ትላለች።

«እማማ፣ ወይ ዝም ይበሉ ወይ ይውጡልን!» አለቻት የዳንስ አሠልጣኟ።

አምስተኛው ዘፈን መጣ። ልጁ ዘለለ፣ ተገለበጠ፣ በሁለት እግሩ ቆመ። ማንም አልተንሸራተተም። ፒልሱን ገና ተመስገን ሳትል፣ የቡድኑ መሪ ዎንሁ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። ላብ መስሏት ነበር፤ እያለቀሰ ነው።

«አክስቴ፣ እንዴት አወቅሽ?»

«ምኑን?»

«ዛሬ ልደቴ መሆኑን።»

የዎንሁ ልደት ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ይህን የማያውቅ የለም። አድናቂዎቹ የምድር ባቡር ጣቢያውን በፎቶው ሸፍነውለት ነበር። ያ ግን የመታወቂያው ልደት ነው። ያሳደገችው አያቱ የምታከብርለት በጨረቃ የሚቆጠረውን ነው፤ ያም ከዓመት ዓመት ቀኑ ይቀያየራል። እሷ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

«ስቀምሰው ለየሁት» አለ ዎንሁ። «ለልምምዱ ገደቢስ እንዳይሆን ብለሽ ቅጠሉን አውጥተሽ... አያቴ ከሄደች ወዲህ ማንም አስታውሶልኝ አያውቅም።»

አቶ ቻ ተናፈጠ። «በቃ፣ ውድድርም አያስፈልግ። ፒልሱን ትሄዳለች።»

ከእሷ የሚጠበቀው አፏን መዝጋት ብቻ ነበር። ዘጋችም፤ ትንሽ ቆየች። ባዶ ፓስፖርት ይዞ ዓለምን ለማየት ያልጓጓ ሰው አይፍረድባት። ልጁ ግን በቀላ ዓይኑ ያያታል፤ አንጀቷን በላው።

«አላወቅኩም» አለች። «ልደትህን ከየት አባቴ አውቄ! የሠራሁት ይሄ ቴጉን ይንሸራተትልኝ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ቴጉን ነው።

«እኔም እንደቀመስኩት አውቄያለሁ። የባሕር ቅጠል የማይለይ የማን ልጅ ነው? ግን ጣፈጠኝ፤ ማቆም አቃተኝ። ሁለተኛውን ሳህን ስጨርስ ፈራሁ።»

«እና?» አለ አቶ ቻ።

«ብቻዬን ከምወድቅ ብዬ አደልኳቸዋ!»

አራቱ ልጆች ፎጣቸውን ወረወሩበት። አቶ ቻ ሁለቱን አብሳዮች ተራ በተራ አያቸው።

«ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። አንዳችሁን ትቼ ብሄድ እዚህ ምን እንደሚቀቀል አላውቅም። ግን በአሥራ አንዱም ከተማ አንዱ የሠራውን ሌላው ሳይቀምስ ለልጆቹ አይቀርብም!»

ፒልሱን አንገቷን ደፍታ ልትወጣ ስትል ዎንሁ የሽርጧን ጫፍ ያዘ።

«አክስቴ፣ የሚመጣው ዓመት ቅጠሉን አታውጪው።»

«እሺ» አለች ዓይኗን በሽርጧ እየጠረገች። «ቀኑን ግን ራስህ ንገረኝ። በየዓመቱ ተንኮል አስቤ አልደርስበትም።»