ቀይ ክር ያልታሰረበት ጫማ

የካፊያ እጆች ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጫማ ሲያጋጥሙ ነበር። ከፊቷ ረጅም የሳንቃ ጠረጴዛ አለ፤ በስተግራ የግራ እግር ጫማ ተከምሯል፣ በስተቀኝ የቀኝ እግር። ግራ እጇ አንዱን ያነሣል፣ አውራ ጣቷ ሶሉን ይጫናል፣ መዳፏ ክብደቱን ይመዝናል፤ ቀኝ እጇ ደግሞ ሌላውን ክምር እየበረበረ ጓደኛውን ይፈልጋል። ዓይኗ ብዙ ጊዜ ጫማው ላይ አልነበረም። ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች፣ መንገዱን ታያለች፣ ጣቶቿ ግን አይሳሳቱም።

ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ በኩል የሚመጣ ሰልቫጅ ጫማ ጥንድ ሆኖ አይመጣም። ግራው በአንድ መኪና፣ ቀኙ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ መኪና ይጫናል፤ አንዱ ኬላ ላይ ቢያዝ ለማንም የማይጠቅም ግማሽ ጫማ ሆኖ እንዲቀር ነው። ስለዚህ ጅጅጋ ገበያ ውስጥ ግራውን ከቀኙ የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። ካፊያ ይህን ሥራ የያዘችው ባሏ በሞተ በዓመቱ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. አሥራ አራት ዓመት ሞላት።

ቁጥሩም ቀለሙም ሶሉም ክብደቱም እኩል የሆነውን ገበያው «መንታ» ይለዋል። ከላይ ሲያዩት አንድ መስሎ ከሥር የሚለየውን ደግሞ «የአጎት ልጅ»። ካፊያ መንታውን በገዛ ማሰሪያው ሁለት ዙር ጠምዝዛ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ ሸሽጋ ትቋጥረዋለች። የአጎት ልጅ ከሆነ ግን በቀይ ክር አስራ ለብቻው ሚስማር ላይ ትሰቅለዋለች፤ የሚገዛው ሰው አውቆ፣ በርካሽ ይገዛዋል። ይህን ሥርዓት ያወጣችው ራሷ ናት። ከሽንሌ የመጣችም ከሐርተሼክ የመጣችም ሴት ቋጠሮውን አይታ፣ እግሯን ሳታስገባ፣ ጫማውን በፌስታል ከትታ ትሄዳለች።

ያን ቀን ጠዋት ታዲያ እጆቿ ይሥሩ እንጂ እግሮቿ እምቢ ብለዋት ነበር። ሁለቱም ተረከዞቿ ካመሟት ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ከአልጋ ወርዳ የምትረግጣት የመጀመሪያዋ እርምጃ ሚስማር እንደ መርገጥ ነች። ከዚያ ትንሽ ይለቃታል፤ ሲውል እንደገና ይብስባታል። ስፖንጁ የወፈረ ጫማ ገዝታ ነበር፣ እግሯን የባሰ አሰነፈው። ከቀትር በኋላ ጠረጴዛውን ተደግፋ አንዱን እግር አንሥታ ሌላውን ትጥላለች። የሱቁ ባለቤት ጉሃድ ይህን ሲያይ ሰነበተና ያን ቀን ሻዩን እየጠጣ ነገራት።

«አባዮ፣ ዐረፋ ሲደርስ ቆመሽ መዋል ካልቻልሽ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

አባዮ እህቴ ማለት ነው። ካፊያን ያናደዳት ዛቻው ብቻ አልነበረም፤ እህቴ ብሎ መጀመሩ ነው። እሷ ስትናደድ ድምፅ የላትም፤ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ እጇ ይፈጥናል። ያን ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ የበለጠ ጫማ አጋጠመች።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሄደች። የተቀበለቻት ሶሲና የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ጅጅጋ ተወልዳ ያደገች፣ ታላላቅ ሴቶችን እንደ ሶማሌ ልጆች «ኤዶ» ብላ የምትጠራ ልጅ። የካፊያን እግር በሁለት እጇ ይዛ የእግሯን ጣቶች ወደ ላይ ሳበቻቸው፣ ተረከዟን ተጫነች፣ ከዚያ ካፊያ ያልጠበቀችውን ነገር ነገረቻት። ወፍራም ጫማ የእግርን ሥራ ስለሚሠራ የእግር ጡንቻ ይተኛል አለች። ቀላል፣ ጠፍጣፋ፣ ሶሉ የሚታጠፍ የሩጫ ጫማ ታድርግ፤ በመጀመሪያው ሳምንት በደልዳላ መሬት አምስት ደቂቃ ብቻ ትራመድ፣ ከዚያ አሥር፣ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ግድግዳ ተደግፋ ባቷን ትሳብ። ሕመሙ እስከ ማግሥቱ ከቆየ ትቀንስ። ለሁሉም ሰው ይሠራል እንደማትል፣ ቸኩሎ የጀመረውን ደግሞ እንደሚጎዳ ደጋግማ አስጠነቀቀቻት።

ጉሃድ ይህን ሲሰማ ለዒድ አልፈጥር ስጦታ ይዞላት መጣ። ግራጫ፣ እንደ ላባ የቀለለ፣ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለው የሩጫ ጫማ። «ሐኪሟ ያለችሽ ይኸው» አለና ሰው ሁሉ እያየ እጇ ላይ አስቀመጠላት። ካፊያ ቋጠሮውን አየችው፤ የእሷ አልነበረም፤ ጫፉ ወደ ውጭ ተንዘላዝሏል። ጣቶቿ ሊፈቱት ተንቀሳቀሱ። ነገር ግን ስጦታን በሰጪው ፊት ገልብጦ ሶል መጫን ነውር ነው። ቤቷ ስትገባም ያው ነውር መስሎ ተሰማት፤ በዒድ ቀን የሰጣትን ሰው ልትመረምረው ነው? ሳታየው አደረገችው። የሺህ ሰው ጫማ የፈተሸች ሴት የራሷን አልፈተሸችም።

ከስታዲየሙ ጀርባ ባለው የአፈር መንገድ ጠዋት ጠዋት ጀመረች። ጅልባቧን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ ነፋሱ አቧራውን ፊቷ ላይ እየበተነ። የባጃጅ ሾፌሮች እያለፉ «ኤዶ፣ ሚኒባስ አመለጠሽ ወይ?» ይሏታል። ገበያ ውስጥ ከጎኗ ካልሲና ሸራ ጫማ የምትሸጠው ለተሥላሴም አልማረቻትም፤ አያቷ በውትድርና መጥተው እዚህ የቀሩ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። «ለውድድር ነው ወይስ ከጉሃድ ልታመልጪ?» አለቻት። ካፊያ ሳቀች፤ በሳምንቱ ውስጥ የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ግራ ተረከዟ ዝም አለች። ጠዋት ስትረግጥባት ምንም የለም፤ ደግማ ረገጠች፣ ምንም የለም። ቀኟ ግን ባሰባት። ሕመሙ ከተረከዟ አልፎ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ዳሌዋ ወጣ። ከኋላዋ የሚሄዱ ሴቶች ታነክሻለሽ አሏት። ጉሃድ ውፍረትሽ ነው አለ፤ ሌላው ዕድሜ ነው አለ፤ አንዷ ደግሞ ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜ መሮጧ ነው አለች። ዐረፋ ሊደርስ አራት ሳምንት ቀርቶታል። ካፊያ በገዛ እግሯ ተናደደች። አልጋ ላይ ተቀምጣ ቀኝ ተረከዟን እንደ ባለጌ ልጅ በመዳፏ መታቻት።

ሶሲና መባሱን ሰምታ ጫማውን ይዘውልኝ ይምጡ ብላ ስልክ ደወለች። ከነአቧራው ይዛው መሄድ አፍራ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አጠበችውና ግቢዋ አጥር ላይ አሰጣችው። የጅጅጋ ነፋስ ጫማ ለማድረቅ ብዙ አይፈጅበትም። በማግሥቱ ጠዋት ግራው ደርቆ እንደ ቅጠል ቀልሏል፤ ቀኙ ገና ውኃ ያንጠባጥባል።

ቆማ አየችው። ከዚያ አንዱን በአንድ እጅ፣ ሌላውን በሌላ እጅ ያዘች። አውራ ጣቷን ቀኙ ተረከዝ ላይ ጫነች፤ ሰምጦ ተመለሰ። ግራው አልሰመጠም። የውስጡን ንጣፍ ስባ አወጣች። ቀኙ ከተረከዙ ሥር ግማሽ ጣት የሚያህል ስፖንጅ ተሸክሟል፤ ግራው ጠፍጣፋ ነው። ቀለሙ አንድ፣ መስመሩ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ። የአጎት ልጅ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ እግሯን መሬት ላይ፣ አንድ እግሯን ደረጃ ላይ አድርጋ ስትሮጥ ነበር የከረመችው።

ሶሲና ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ተረከዛቸውን በየተራ ተጫነች።

«ኤዶ ካፊያ፣ እግርዎ አልሰነፈም» አለች። «ግራው በርትቷል። ቀኙን ጫማው ነው የበደለው።»

ካፊያ ከዚያ በቀጥታ ሱቅ ሄደች። ጉሃድ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ጫማውን ፊቱ አስቀመጠችው። አላነሣውም፤ አየውና ፈገግ አለ።

«የአጎት ልጅ ምን አደረገሽ? ዘመድ አይደለም እንዴ?»

ነጋዴዎቹ ሳቁ። የካፊያ ጆሮ ጋለ።

«ቀይ ክሩን ለምን አላሰርክበትም?»

«በስጦታ ላይ ቀይ ክር ያምራል? አይ አባዮ፣ በነጻም ሰጥቼሽ ወቀሳ።»

የምትለው ብዙ ነበር። ልጆች ያሳደገችበት ጠረጴዛ ግን እዚያው ነው፣ ዐረፋም እየመጣ ነው። ጫማውን አንሥታ ወጣች። ንዴቷን ዋጠችው፤ አልወረደላትም፣ ደረቷ ላይ ቆመ።

ለተሥላሴ ያን ቀን አልቀለደችም። ከመደርደሪያዋ ሶሉ ስስ የሆነ ጥቁር ሸራ ጫማ አወረደች፣ ሁለቱን ሶል ለሶል ገጥማ አሳየቻትና «ፈትሺው፣ እኔ አልቀየምም» አለቻት። ካፊያ ፈተሸችው። ከአምስት ደቂቃ እንደገና ጀመረች፤ ግራዋ እየጠበቀች፣ ቀኟ እየተማረች። የባጃጅ ሾፌሮቹን አትሰማቸውም ነበር። በየእርምጃው ጉሃድን ትረግጠው ነበር፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል አንድም ቀን ያልቀረችው። በዐረፋ ሳምንት ቀኙም ተረጋጋ። ከጠዋት እስከ ዐስር ሶላት ሳትደገፍ ቆመች። ጉሃድ አይቶ፣ ጥሩ፣ ሥራሽን አትርፈሻል አላት፤ ያተረፈላት እሱ ይመስል።

ከዐረፋ በኋላ ባለው ሰኞ አንድ ጆንያ አሸከማት። ሐርተሼክ ያለች አንዲት የስፖርት መምህርት ለሴት ተማሪዎቿ ሃያ ጥንድ ቀላል የሩጫ ጫማ አዝዛለች፤ ልጆቹ ለዞን ውድድር ሊለማመዱ ነው። መምህርቷ የካፊያ ቋጠሮ ይሁን ብላ በስም ጠይቃለች። ጉሃድ ካፊያ ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል በሄደችበት ቀን ዕቃውን ራሱ አዘጋጅቶ ጨርሷል። አድርሰሽ ከዐስር ሶላት በፊት ተመለሽ አላት።

መነኻሪያው ውስጥ ሚኒባሱ እስኪሞላ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ጆንያውን በጉልበቶቿ መካከል ያዘችው። እጆቿ ሥራ ፈትተው መቀመጥ አይችሉም። አንዱ እጇ ሳታዝዘው በጆንያው አፍ ገባና ቋጠሮ ዳሰሰ። ሁለት ዙር ተጠምዝዟል፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ገብቷል። ግን ወደ ግራ ነው የተጠመዘዘው። እሷ ወደ ቀኝ ነው የምትጠመዝዘው።

አወጣችው። ፈታችው። ሶሉን ተጫነች። የአጎት ልጅ። ሌላ አወጣች፤ መንታ። ሌላ፤ የአጎት ልጅ፣ ማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ የቀይ ክር ቁራጭ ቀርቷል። በእጇ ያሰረችው ክር ነው፣ በመቀስ ተቆርጧል። አንድ በአንድ እየፈታች አግዳሚው ላይ ደረደረቻቸው። ከሃያው አሥራ አንዱ የአጎት ልጆች ናቸው፤ ሚስማሩ ላይ በገዛ እጇ የሰቀለቻቸው።

የእሷ ተረከዝ ሁለት ዓመት የታመመ ያረጀ ተረከዝ ነው፤ እነዚህን የሚያደርጉት ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ናቸው። ያነክሳሉ። መምህርቷ ሰነፋችሁ ትላቸዋለች፤ እናቶቻቸው ሴት ልጅ መሮጧ ነው ይላሉ። ልጆቹም አልጋ ላይ ተቀምጠው የገዛ እግራቸውን ይመታሉ። ማንም ጫማውን አይጠረጥርም፤ ቋጠሮው የካፊያ ነው።

የሚኒባሱ ረዳት ሐርተሼክ አንድ ሰው ቀረ እያለ ይጣራል። አየቻትና መጣ።

«ኤዶ፣ ተነሺ እንጂ፣ በአንቺ ነው የቆምነው።»

«ሂዱ» አለችው።

ከቦርሳዋ የቀይ ክሯን ጥቅል አወጣች። አሥራ አንዱን አንድ በአንድ በቀይ ክር አሰረች፤ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ዙር፣ በመቀስ እንኳ በቀላሉ እንዳይወጣ አጥብቃ። ዘጠኙን መንታ ወደ ቀኝ ጠምዝዛ ቋጠረች። ሚኒባሱ ሌላ ሰው ጭኖ አቧራውን አስነሥቶ ወጣ። ስልኳ ጮኸ፤ ጉሃድ ነው። እስኪያበቃ አየችው። እንደገና ጮኸ።

ከእንግዲህ ያ የሳንቃ ጠረጴዛ የእሷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ዐሥር ሳምንት እግሯን ያሠለጠነችው እዚያ ለመቆም ነበር።

ጆንያውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተነሣች። ሁለቱም ተረከዞቿ መሬቱን እኩል ረገጡ፣ ምንም አላመማትም። ወደ ሱቁ ብትመልሰው ጉሃድ ክሩን ቆርጦ በሌላ ሰው ይልከዋል፤ በዚያ መንገድ አልታጠፈችም፣ ወደ ቤቷ ሄደች። የሐርተሼኳ መምህርት ያን ቀን እስከ ዐስር ሶላት የጠበቀችው ጆንያ አልደረሰም።