«ተከተሉኝ» የቀረበት ክፍል

የአንደኛ ክፍሏን አስተማሪ አንድ ተራ ቀን ከሁሉ በፊት የሚያሳጣት ድምጿን ነው። «ተከተሉኝ!» ትላለች፤ ልጆቹ ተቀብለው ጣሪያውን ያነሱታል። ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏን የምታናግረው በምልክት ነው። «ዛሬም ድምፅሽን በልተው ሰደዱሽ» እያለ ይስቅባታል።

ሰሞኑን ግን ድምጿ ደህና ነው። ችግሩም ይኸው ነው።

መምህራኑ ደሞዝ ይጨመርልን ብለው ሥራ አቁመው ነበር። ጥያቄያቸው መልስ ሳያገኝ መንግሥት በሬዲዮ «አድማው አብቅቷል፤ ሰኞ ክፍል ያልተገኘ እንደተሰናበተ ይቆጠራል» አለ። ሰኞ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ገባ። እሷም ጠመኔዋን አንስታ እንደ ልማዷ «ተከተሉኝ!» አለች።

«ደሞዝ ይጨመር!» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

ለካ በአድማው ሰሞን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ «ተከተሉኝ!» እያለች መፈክር ስታሰማ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሲያዳምጧት ከርመዋል! ክው አለች። ዘወር ስትል አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት በመስኮት አፍጥጣ ታያታለች።

ከዚያ ወዲህ «ተከተሉኝ» ቀረ። እሷ ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። በመምህራኑ ክፍልም ሰው ሲገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ማን በማን ላይ እንደሚያሳብቅ በምን ይታወቃል? ሴትዮዋ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር አትጠፋም። «ጆሮ ጠቢ ናት» ብላ ደመደመች።

አንድ ቀን አላስችል አላትና ወጣች።

«እትዬ፣ ማነው የላከዎት?»

«ማን ይልከኛል? ሰኞ ልጄን ላደርስ መጥቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ‹ቲቸር ዝም አለች› ብትለኝ ነው የምመላለሰው። መንግሥት አስገድዶ ቢያስገባችሁ ንዴታችሁን በልጆቻችን ትወጣላችሁ? ቁጭ ብላ ልትገለብጥ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ትቀራለች፤ ታናሿን ትያዝልኝ።»

«እኔ እኮ እርስዎን ፈርቼ ነው!»

«እኔን? የሰው ልብስ አጣቢዋን?» ሴትዮዋ ዓይኗን አጠበበች። «አይ ብልጠት!»

አስተማሪዋ ተመልሳ ገባች። ብትናገር መፈክሩ፣ ዝም ብትል የልጅቷ መቅረት። ጠመኔዋን አነሳች። «ተከተሉኝ፣ ውሃ!» አለች ፋታ ሳትሰጥ።

«ውሃ!»

ከኋላ አንዱ «ደሞ...» ብሎ ሲጀምር የሴትዮዋ ልጅ በክርኗ ጎሸመችው።

ልጅቷ በማግስቱ መጣች። እናትየዋም መጣች፣ ያው ከመስኮቱ ሥር። እሷና አስተማሪዋ እስከዛሬ በጎሪጥ ይተያያሉ።

አስተማሪዋ ይህን ለምታነቡ ወላጆች አንድ ልመና አላት፦ «ልጃችሁ ‹ክፍሉ ዝም አለ› ካለቻችሁ ከውጭ ሆናችሁ አትሰልሉን። በሩን አንኳኩና የማን እናት፣ የማን አባት እንደሆናችሁ ንገሩን።»