የኩዊርኮች የመጨረሻዋ ባዝራ

ሆኖራ ኩዊርክ አልለቅም ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳማዋን ባዝራ። የአባቷ ጋጣ በደጉ ዘመን ሰባት ፈረስ ይታሰርበት ነበር፤ አምስቱ በሞትና በሽያጭ ሲያልቁ ዝም ብላ አይታለች። በወንዙ ዳር ያለው መስክ ለጎረቤት ሲተላለፍ አልተቃወመችም። ሊያገባት የመጣውንም የወተት ፋብሪካ ጸሐፊ፣ ከብዙ ዘመን በፊት፣ በትሕትና ሸኝታዋለች። ሮዋን የምትባለውን ይህችን ባዝራ ግን ማንም ሊያስለቅቃት አልቻለም።

ታላቅ ወንድሟ ዳርቢ ኮርቻ ላይ ካልሆነ በቀር ጉልበቱ ዝሏል። ሁለቱም ሳያገቡ በአንድ ጣሪያ ሥር ያረጁ ናቸውና ክርክራቸው ከማዕዱ ጋር አብሮ የሚቀርብ ነበር።

«ሆኒ፣ ስልሳ አንድ ዓመትሽ ነው እኮ! ድርቆሹን ማን ሊሸከም ነው? እኔ?»

«አንተማ ማንኪያህንም መሸከም አቅቶሃል።»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ሥራ የሌላት ፈረስ እዚህ ቤት አትቀለብም። አባባ ቢኖርም አይፈቅድ።»

አባታቸው ከተጠራ ነገር መቋጨት አለበት። ስለዚህ በኅዳር መባቻ ቃል ተጋቡ፤ መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው እጅ ለእጅ ተማቱ። ባዝራይቱ በጸደይ የመጀመሪያዋን የአንድ ቀን ውድድር ሳትባረር ከጨረሰች ትቀራለች፤ ካልጨረሰች ለፈረስ ነጋዴው ትሰጣለች። እነሱ በሚኖሩበት በቲፐራሪ ገጠር እንዲህ የተማቱበትን ቃል ያጠፈ ሰው ስሙ ከመቃብሩ በኋላም አይጠራም።

ውድድሩ ሦስት ፈተና አለው። በጠዋት በተከለለ ሜዳ ውስጥ በሥርዓትና በእርጋታ መጋለብ፤ ቀጥሎ ቀለም የተቀቡ አግዳሚ እንጨቶችን መዝለል፤ በመጨረሻም በዱርና በመስክ ግንዱን፣ ጉድባውን፣ ውሃውን እየተሻገሩ መጋለብ። በአንድ መሰናክል ሦስት ጊዜ እምቢ ያለ ፈረስ ይባረራል።

ኩዊርኮች ፈረስ የሚገሩበት አንድ መንገድ ብቻ ያውቃሉ፤ በቀበሮ አደን ላይ፣ ከአዳኝ ውሾች ኋላ። አያታቸው እንዲህ ገርቷል፤ አባታቸውም። ሆኖራ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን የአገሩን ክረምት ሙሉ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በዝናብና በውርጭ ሮዋንን ይዛ ለአደን ወጣች። ባዝራይቱ እንድትባረር የሚሻው ዳርቢ እንኳ፣ የተበላሸ ግልቢያ ማየት ስለማይችል፣ አሮጌውን አምባላይ ፈረሱን ጭኖ በየጉድባው ፊት ፊት ይመራላት ነበር። ሮዋንም የአምባላዩን ጭራ ተከትላ የማትሻገረው ግንብ፣ የማትዘለው ቦይ አልነበረም።

«እርግማን ነው! ይቺ ጋኔል ክንፍ አላት» ይል ነበር እየተናደደ።

ከየካቲት ጀምሮ ሆኖራ የመኖ ባልዲዎችን በሜዳው ዙሪያ ደርድራ የሥርዓቱን ግልቢያ ታለማምዳት ገባች። በዋዜማው ጋማዋን በአሥራ ሦስት ጉንጉን ሠራችው፤ ጣቶቿ በቁርጥማት ታስረው እያንዳንዱን ጉንጉን ሁለት ሁለት ጊዜ ፈትታ እንደገና ጎነጎነችው።

ቀኑ በሚያዝያ ነበር፤ ካፊያው ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። የመጀመሪያው ፈተና በደኅና አለፈ። በሁለተኛው፣ ተራ የሚጠብቁ ፈረሶች በአጥሩ ዙሪያ ቆመው እያዩ፣ ሮዋን አንድም እንጨት ሳትጥል ወጣች። ዳርቢ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አባባ ይህን ቢያይ!» አለ። ሆኖራ በዚያች ቅጽበት ማሸነፏን አመነች። ማመኗ ነው ኋላ ያቃጠላት።

በመስኩ ጫፍ አስጀማሪው ከአምስት ወደ ታች ቆጠረ። «ሂጂ!» አለ።

ባዝራይቱ ሠላሳ እርምጃ ያህል ሶምሶማ ሄዳ ቆመች። ግራ አየች፤ ቀኝ አየች፤ ጆሮዋን ቀስራ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ መስክ መረመረች፤ ከዚያም አንገቷን ወደ ኋላ መልሳ አሽካካች። የመጀመሪያው መሰናክል አህያ እንኳ የምትሻገረው፣ ከጉልበት የማይበልጥ ግንድ ነበር። ከፊቱ ደርሳ እምቢ አለች። ሆኖራ መለሰቻት፤ ዳግመኛ እምቢ አለች።

ምን እንደምትፈልግ ለሆኖራ የገባት ያኔ ነው፤ አምባላዩን ፈረስ ትፈልጋለች። ከተወለደች ጀምሮ በመስክ ላይ ሌላ ፈረስ ሳይቀድማት የዘለለችው አንዳች ነገር የለም። ብቻሽን ሂጂ ብሎ ያስተማራት ሰው አልነበረም። የኩዊርኮች ሦስት ትውልድ ጥበብ ከዚያ እርጥብ ግንድ ፊት ሲደርስ ባዶ ሆነ። ሦስተኛውን ሙከራ ውጤቱን እያወቀች አደረገችው።

«ይብቃዎት፣ እመቤቴ» አለ ዳኛው እጁን አንሥቶ። «በእርምጃ ይመለሱ።»

የመመለሻው መንገድ ረዘመባት። ዝናቡ በአንገቷ ይገባል፤ ባዝራይቱ ግን ሌሎቹን ፈረሶች ከሩቅ ስታይ በደስታ ፈጠነች። ዳርቢ በገመዱ ዳር ቆሞ ጠበቃት። አልተሳለቀም፤ ቢሳለቅ ይቀላት ነበር።

«ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ስመራት የከረምኩት እኔ ነኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ግን እጅ ተማትተናል፣ ሆኒ። ነጋዴው ሐሙስ ይመጣል። ምን ልበለው?»

ሆኖራ ከኮርቻው አልወረደችም። ብትወርድ ዳግመኛ ለመውጣት ወገቧ እንደማይታዘዝላት ታውቃለች።

«ሆኖራ ቃሏን አጠፈች በለው። ለቄሱም ንገር፣ ለመንደሩም ንገር፤ ስሜን አይጥሩት፣ ምን ቀረኝና! ይህች ፍጥረት ያላስተማርናትን አላወቀችም ተብላ አትሸጥም። ነገ ጠዋት ብቻዋን ወደ ወንዙ አወጣታለሁ፤ አልሄድም ካለችም ቆማ እስክትሰለች ድረስ ከላይዋ ላይ አብሬያት እቆማለሁ።»