በሁዳዴ ቅቤ የበላው ቴስተር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የባጃጁ ባትሪ ደክሞበት በጧት መጣ። «አክስቴ፣ ያ ቴስተርዎ አሁንም ይለካል?» ጥቁሩን የኤሌክትሪክ መለኪያ ሣጥን አወጣሁለት። ሁለቱን ሽቦዎች አነካካ፤ መርፌዋ ዝም።

«ይሄማ ሞቷል።»

«አልሞተም፣ ብርዱ ነው። ፀሐይ ላይ አውጣው» አልኩት። ሳቀብኝ።

በንጉሡ ዘመን ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ስመለስ አባቴ ሊድረኝ ቸኩሏል። እኔ ደግሞ ቤት መቀመጥ እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር። ተለምኖ ተለምኖ፣ «የባዬ ሱቅ እስከተከፈተ እዚያ ሥሪ፤ የተዘጋ ዕለት ግን ባል ታገቢያለሽ» አለኝ። ጋሼ ባዬ ራዲዮ ጠጋኝ ናቸው። የራዲዮውን በሽታ የሚያውቁት ጣሊያን ጥሎት በሄደው በዚህ ቴስተር ነበር።

በሁዳዴ እኩሌታ ቴስተሩ ሰነፈ። ሽቦዎቹ ሲነካኩ ብድግ ማለት ያለባት መርፌ ጧት ንቅንቅ አትልም፤ ቀትር ላይ እየተጎተተች ትነሳለች። ጋሼ ባዬ ሁለት ሳምንት ታገሡና፣ «በቃ፣ ሱቁን ዘግቼ እስቴ ወርጄ ወንድሜ ዘንድ አርሳለሁ» አሉ። ለእኔ የተሰማኝ የሠርጌ ከበሮ ነው።

«እኔ ልፍታው።»

«ታበላሽዋለሽ፣ ልጄ።»

«ከዚህ በላይ?»

ፈታሁት። ከመርፌዋ ሥር ቢጫ ነገር ረግቷል። አሸተትኩት፤ ቅቤ! የጉና ብርድ ሲያረጋው መርፌዋን ያስራል፣ ፀሐይ ሲያላላው ይለቃታል።

«በሁዳዴ ቅቤ የበላ ቴስተር! የቱ ደንቆሮ ነው የቀባው?»

ጋሼ ባዬ የገብስ ቆሏቸውን ማኘክ አቆሙ። «እኔ ነኝ። መርፌዋ ስትሄድ አላይ ስል ጊዜ የዛገች መሰለኝ። የጠመንጃዬን ቃታም የማላላው በቅቤ ነው።»

መርፌዋማ ደህና ነበረች፤ የደከመው ዓይናቸው ነው።

ይቅርታ መጠየቅ ድሮም አልችልበትም። ከዝንብ ማባረሪያ ጭራቸው ጥቂት ፀጉር ነቅዬ፣ ካቲካላ እየነከርኩ፣ ቀጭኗን ሞላ እንዳልበጥስ ትንፋሼን ይዤ ጠረግሁት።

«ፊት ቅቤ፣ አሁን ደግሞ አረቄ» አሉ ጋሼ ባዬ። «ይሄ ዕቃ የንስሐ አባት ይፈለግለት!»

በማግስቱ ጧት፣ ያ ንፋስ በሩን እየደበደበ፣ ሽቦዎቹን አነካካሁ። መርፌዋ ብድግ! ጋሼ ባዬ አንዱን የታመመ ራዲዮ ከፍተው ሽቦዎቹን አስገቡና አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ «ስንት ትላለች?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይጠግናሉ። ሱቁም አልተዘጋም። ባልም ኋላ በራሴ ጊዜ አገባሁ።

ያችን «ደንቆሮ» ያልኳትን ቃል ግን ሳልመልሳት፣ ቴስተሩን አውርሰውኝ ሞቱ። ያኔ ከጥጉ ያመለጠኝ ቅቤ ዛሬ ዛሬ በብርድ መርፌዋን ይይዛታል፤ መጥረግ አያቅተኝም፣ አልጠርገውም እንጂ።

ፀሐይ ከሞቀው በኋላ፣ ረፋድ ላይ የእህቴ ልጅ ሽቦዎቹን ባትሪው ላይ አኖረ። መርፌዋ እየተጎተተች ተነሳች። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ቁጥሮቹ ጭጋግ ሆኑብኝ።

«ስንት ትላለች?» አልኩት።

ሳይስቅ ነገረኝ።