ሹፌሩ የሰጠው ስንኝ

«ስንኙ ይውጣ አልኩህ እኮ፣ ዳዊት።»

«እኔም አይወጣም አልኩሽ።»

«ዘፈኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ግጥሙን ነው የጻፍሽው። ዘፈኑ የት እንደተሠራ ሦስታችንም እናውቃለን። ሞጆ ነው የተሠራው።»

ዳዊት ይህን ሲል ቤዝ ጊታሩን ከትከሻው አላወረደም። ገመቹ ከድራሙ ጀርባ ቁጭ ብሎ ሙዝ ይልጣል። ያለነው አዳማ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ነው። የቆርቆሮ በሯ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ስለታሰረች ሰው በወጣ ቁጥር ራሷን በኃይል ትዘጋለች። ግድግዳው ላይ የለጠፍነው የእንቁላል ካርቶን ሙቀቱን እንጂ ድምፁን ይዞልን አያውቅም። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ አልበማችንን ልንቀዳ ተሰብስበን፣ በሁለት መስመር ስንጨቃጨቅ ግማሽ ቀን ፈጀን።

ሞጆ ሲለኝ ያ ከሰዓት በኋላ ከነሽታው ተመለሰብኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ፤ ብቸኝነቴንም እንደ ማዕረግ ነበር የምይዘው። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ከወንጂ አዳማ በሚመላለሰው ሚኒባስ መስኮት ላይ ግንባሬን አስደግፌ፣ በከንፈሬ እያንሾካሾክሁ ራሴን አስተማርኩ። ጊታርም እንዲሁ። ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኜ በስልኬ እቀዳና «አመድ» በሚል ስም ኢንተርኔት ላይ እለቃለሁ። አመድ ማለት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል እንኳ ሌላ ሰው አልነካልኝም።

ስሙ ከወንጂ የመጣ ነው። ዝናቡ አብቅቶ አየሩ ሲደርቅ፣ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲራገፍ ማሳው ይቃጠላል። ያን ጊዜ ጥቁር ብናኝ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ መጥቶ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል። የወንጂ ልጅ ብናኙን በእጁ አይነካም፤ ከነካው ነጩ ልብስ ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። ጠጋ ብሎ እፍ ማለት ብቻ ነው። አባቴ ግን እፍ የሚባል አልነበረም። አገዳ ቆራጭ ነበር፤ ከዓይኑና ከጥርሱ በቀር ጠቁሮ ይገባል። የጻፍኩለት ዘፈን እንዲህ ይላል፦

አባቴ ሲገባ ምሽት ይመስለኛል፣
ፊቱን ታጥቦ ሲስቅ ያኔ ይነጋልኛል።

ሞጆ ላይ ምግብ ቤት ያላት አንዲት ሴት ይህን ዘፈን በስልኳ ሰምታ ነው እሑድ ከሰዓት መጥቼ ለደንበኞቿ እንድዘፍን የጠየቀችኝ። በአንድ ጊታር የከባድ መኪና ጩኸት አልችልም ብዬ ሁለት ሰው ይዤ ሄድኩ። ዳዊት በየሰርጉ ቤዝ እየመታ ያደገ የአዳማ ልጅ ነው። ገመቹ የቡልቡላ ልጅ ነው፤ ድራም የጀመረው በትምህርት ቤት የማርሽ ባንድ ነው። ለሴትየዋ «አጃቢዎቼ ናቸው» ብዬ አስተዋወቅኋቸው። ገመቹ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና «ቶሌ፣ እመቤቴ» አለ። በኦሮምኛ እሺ ማለቱ ነው፤ በልቡ ግን እሺ አላለም።

ግቢው ሰፊ ነበር። አንድ ጥግ ላይ ጥብስ በከሰል ላይ ቸስ ቸስ ይላል፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ መጥቶ የበላነውን ሊያስወጣን ይደርሳል። አድማጮቻችን የጉምሩክ ወረቀታቸው እስኪያልቅ የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሹፌሮች ነበሩ። ገሚሱ ካርታ ይጫወታል፣ ገሚሱ በጥርሱ አጥንት ይዟል። ዘፈኔን ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። እንደ ልማዴ፣ መቆም ስፈልግ እየቆምኩ፣ መተንፈስ ስፈልግ እየተነፈስኩ።

ሁለተኛው አንጓ ላይ ስደርስ ፎጣ አንገቱ ላይ የጣለ ግዙፍ ሹፌር ከመቀመጫው ተነሣ።

«እህቴ፣ ድምፅሽ ይባረክ። ግን እንቅልፍ ወሰደን። በይ ተቀበይ» አለኝ።

በአዝማሪ ቤት ልማዱ ይኸው ነው። አድማጩ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ ዘፋኙም ያንኑ በዜማ ይመልስለታል። ስንኝ አልቀበልም ማለት የተዘረጋ እጅ እንደ መመለስ ነው። እኔ ግን አንዲት ቃል ለመምረጥ ሳምንት የምሰነብት ሰው ነበርኩ።

«እኔ አዝማሪ አይደለሁም» አልኩት፣ በማይክራፎኑ።

«ታዲያ ምንድን ነሽ?» አለ አንድ ካርታ የያዘ። ግቢው ሳቀ።

ሹፌሩ አልተቀየመም። እጁን በፎጣው ጠረገና ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው የሚነግር ይመስል፣ ተናገረ፦

እሳቱን አይቼ ቤቴ መስሎኝ መጣሁ፣
የሰው ማሳ ኖሮ እጄን ሞቄ ወጣሁ።

በመተሐራ መንገድ የሚነዳ ሁሉ የሚነድ የአገዳ ማሳ በሩቅ አይቶ ያውቃል። እኔ አፌን ዘጋሁ። ዳዊት ግን በሰርግ ቤት ያደገ አፍ ነው ያለው፤ ተቀበል ሲባል ዝም ማለት አይችልም። ተቀበለው። ገመቹ ምቱን አጠበቀው፤ ቆም ቆም የምልባቸውን ቦታዎች ሁሉ ደፈነብኝ። «ወጣሁ» የሚለውን ግቢው አብሮ አለው። ካርታው ተጣለ፤ ሰው ከወንበሩ ተነሣ። ጊታሬን መምታት አቆምኩ፤ ዘፈኑ ግን አልቆመም። በገዛ ዘፈኔ መሀል፣ ጊታር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ እንደ ታዳሚ ቆሜ ቀረሁ።

እጅ መታጠቢያው ጋ ያዝኳቸው።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ተቀበል ተባለ፣ ተቀበልኩ» አለ ዳዊት እጁን እያራገፈ። «ሰርግ ላይ ዝም የሚል ሁለተኛ አይጠራም።»

«ይህ ሰርግ አይደለም።»

«እሱስ ቀብር ይመስል ነበር» አለ ገመቹ። «ሰውዬው ባይደርስልን እኮ ልንቀበር ነበር።»

«አንተ አጃቢ ነህ። እኔ የምሄድበትን ተከተል።»

«አጃቢ የሚሄድ ሰው ሲኖር ነው የሚያጅበው» አለኝ ዳዊት። «አንቺ ቆመሽ ነበር።»

ከሹፌሮቹ አንዱ ለካ በስልኩ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቆናል። ለሚቀጥለው ዝግጅት ዓለም ጤና ከተማ ስንደርስ የሽንኩርት ጆንያ የሚጭኑ ልጆች ያንን ስንኝ እየተቀባበሉ ነበር የሚሠሩት። ፖስተሩ ላይ ደግሞ «አመድ ባንድ» ተጽፏል። ባንድ የሚለውን ማን እንደጨመረው ማንም የጠየቀኝ የለም። መቂ፣ ባቱ፣ ቡልቡላ፣ በሄድንበት ሁሉ የአባቴን ስንኝ ስዘፍን ሕዝቡ በትዕግሥት ይጠብቀኛል። ቢራውን ያዝዛል፣ ስልኩን ያያል። የሹፌሩ ሲመጣ ይነሣል። ባንድ የሆንነው እንዲህ ነው። ተማክረን አይደለም፤ ሰው ስለተነሣ ነው።

ስንኙ መጥፎ ነው ብዬ አላውቅም። የተናደድኩትም ጥሩ ስለሆነ ነው። ግን ከመንገድ የታየ እሳት ነው። ሹፌሩ እጁን ሞቆ መሪውን ይዞ ሄደ። እኛ ከእሳቱ ሥር ነበርን፤ ብናኙን እፍ ስንል፣ አባቴ ሲስል ስንሰማ። ያንን ቤት ለማሳየት የጻፍኩትን ዘፈን ሰው ሁሉ አላፊ አግዳሚ ሆኖ ይዘፍነዋል፤ «ወጣሁ» እያለ፣ ደስ ብሎት። ይህን ለዳዊት ዛሬም ነገርኩት።

«አባትሽ ራሳቸው የሹፌሩን ስንኝ ያንጎራጉሩት አልነበር?» አለኝ።

«አባቴን ከዚህ አውጣ።»

«ስንኙን አውጣ፣ አባቴን አውጣ ትያለሽ። ምን ሊቀረን ነው?»

«እኔ ነኛ። ስትመጡ የነበርኩት።» ጊታሬን ከመሰኪያው ነቀልኩ። «ስሙም የእኔ ነው። አመድ ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

ገመቹ የሙዙን ልጣጭ ድራሙ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። «ቶሌ። ስሙን ውሰጂ» አለ። እንደ ሞጆው አላፌዘም። «ዘፈኑን ግን ከሰው አፍ እንዴት አድርገሽ ልትነቅይው ነው?»

ጊታሬን ከነሽቦው ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ። ቆዪ ያለኝ የለም። ዳዊት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቤዙን ጀመረ፤ ሞጆ ላይ የጀመረበትን፣ ያንኑ። ገመቹ ተከተለው።

«እሳቱን አይቼ ቤቴ መስሎኝ መጣሁ» አሉ ሁለቱ።

የሚቀጥለውን መስመር ከእነሱ ቀድሞ የራሴ አፍ አለው። በሩ ላይ ደርሼ ስለነበር አልሰሙኝም። እግሬ ደፉን እንዳለፈ ላስቲኩ በሯን ስቦ ዘጋት።