ራስን መሳት በእንግሊዝኛ

መጀመሪያ የታወቀኝ የመስኮቱ ብርሃን ነው። እሑድ ጠዋት፣ ሳን ሆዜ፣ አክስቴ ቤት፣ መጋረጃው ሲከፈት ብርሃኑ በዓይኔ ገብቶ በማጅራቴ የወጣ መሰለኝ። ከዚያ አቅለሸለሸኝ። በዋዜማው እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ስንጫወት የተጋጣሚዬ ጉልበት ጆሮ ግንዴን መትቶኝ ነበር፤ ተነሥቼ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ። ራግቢ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ሰው በትከሻህ ገጭተህ ትጥላለህ፣ እሱም በተራው ይጥልሃል፣ ሁለታችሁም ትነሣላችሁ።

መነሣት አቅቶኝ አያውቅም። አባቴ ለሥራ በሄደበት ናይሮቢ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ጀመርኩ። ቀጥሎ ሰሜን እንግሊዝ፣ ጭቃው ጫማ የሚያወልቅበት ሜዳ። ጨዋታው ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ሲሆን ደግሞ ደቡብ ፈረንሳይ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ። በየሄድኩበት ግጥም እሞክራለሁ፤ አስተማሪ አልነበረኝም፤ አውቶቡስ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ በረዶ ታስሮ፣ እጽፋለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ኦክላንድም ለአንድ የጨዋታ ወቅት ብቻ ነበር የመጣሁት። አንድ የጃፓን ክለብ ፈልጎኝ ነበር፤ ሰው ልከው ሊያዩኝ ጥቂት ሳምንታት ቀርተው ነበር። ጭንቀቴ ሁሉ ያ ጉዞ እንዳያመልጠኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆሜ ውኃ ስቀዳ ወደቅኩ። አወዳደቄን አላስታውስም። አክስቴ ብርነሽና ልጇ ሊዲያ ሆስፒታል ወሰዱኝ። አክስቴ ኩፐርቲኖ፣ በአንድ ካምፓኒ ካፍቴሪያ ትሠራለች፤ ለምግብና ለሰላምታ የሚበቃ እንግሊዝኛ አላት። ሊዲያ እዚሁ የተወለደች፣ ኮሌጅ የገባች፣ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ናት። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ድምፅ ይሰማኛል፤ ቃላቱ አይጨበጡም። የተባለውን ኋላ ነው የነገሩኝ።

ሐኪሙ እንዴት እንደወደቅኩ ጠየቀ።

«ራሱን ስቶ ነው የወደቀው» አለች አክስቴ።

ሊዲያ፣ «ተሳስቶ ነው የወደቀው» ብላ በእንግሊዝኛ አስተላለፈች።

ሲቲ ስካን አነሡኝ፤ ደም አልታየም። ሐኪሙ፣ «ቀላል ኮንከሽን፣ የአንጎል መናወጥ ነው። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ሲለቅህ ቀስ እያልክ ወደ ልምምድ ተመለስ» አለኝ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕመሙ ለቀቀኝ። ለልምምድ ቦርሳዬን ሳዘጋጅ አክስቴ በር ላይ ቆመች።

«ሰው በሰው ላይ ተከምሮ፣ ይሄ ደግሞ ሥራ ተብሎ። እኔ ጌታ ይጠብቅህ እላለሁ፤ አንተ ጌታ ላይ ሥራ ታበዛበታለህ።»

ልምምዱ ኦክላንድ አጠገብ፣ አላሜዳ በምትባል ከተማ ነበር። ግጭቱ ቀላል ነው። ትከሻ ለትከሻ። ተነሣሁ። ኳሱ መጣ። ቀኝ እጄን ላክሁት። አልሄደም። አሠልጣኙ ስሜን ጠየቀኝ። ስሜን አውቀዋለሁ። አፌ አላወጣውም። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም።

ሰብዱራል ሄማቶማ ይሉታል፤ በአንጎል ሽፋን ሥር ደም ተጠራቅሞ አንጎልን ሲጫን ማለት ነው። የራስ ቅሌን ከፍተው አወጡት።

ከነቃሁ በኋላ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገችልኝ ሐኪም አልጋዬ አጠገብ ቆማ፣ በመጀመሪያው አደጋ ራሴን አልሳትኩም እንደተባለ ተናገረች። ሊዲያ ወደ እናቷ ዞረች።

«ማሚ፣ ያን ቀን ፓስ አውት አላደረገም ትላለች።»

«ምን ማለቷ ነው? ራሱን ስቶ ነበር ብዬሽ የለም?»

«የስ፣ ስቶ። ስህተት። ሚስቴክ አደረገ አልኩት።»

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ልጄ፣ ያ እኮ ሌላ ነው።»

«ሀው ዉድ አይ ኖው ዛት?» ሊዲያ ማልቀስ ጀመረች።

«አታልቅሺ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቋንቋውን እየሰማሽ ነው እንጂ ተምረሽው መች ታውቂያለሽ።»

ሊዲያ ነገሩን ስታስረዳት ሐኪሟ፣ «ያ ተነግሮ ቢሆን እንዲህ ቶሎ ወደ ሜዳ ባልተመለሰ ነበር» አለች። እኔ ተኝቼ ስለ ቃሉ አስብ ነበር። ዒላማ ይሳታል፣ መንገድ ይሳታል፣ ሰው ራሱን ይስታል። ለግጥም እንዲህ ያለ ቃል አግኝቶ የሚጠላ የለም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን ሊገድለኝ ነበር።

አፌ እንደፈታ፣ «ራግቢስ?» አልኳት ሐኪሟን።

«ትራመዳለህ፣ ትጽፋለህ፣ መኪና ትነዳለህ። ራግቢ አብቅቷል።»

«ጃፓንስ?»

«ጃፓንን በቱሪስትነት እያት።»

አላመንኳትም። ሌላ የነርቭ ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ እሱም ያንኑ አለኝ። ጃፓን ስልክ ደውዬ እንደማልመጣ የነገርኩት ራሴ ነኝ፤ ከዘጋሁ በኋላ ምን ላድርግ ብዬ ሳሎኑ መሐል ቆሜ ቀረሁ፤ አራት አገር ያዞረኝ እግር የአክስቴን ሳሎን ይዞር ጀመር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ረጃጅም ነበሩ፤ የንግግር ቴራፒስቷ የሰጠችንን ሥዕሎች ሊዲያ እያነሣች ታሳየኛለች፣ እኔ የማንኪያውን ስም ፍለጋ ኩሽናውን በዓይኔ ስዞር እሷ ትስቃለች፣ ሳገኘው ደግሞ መጀመሪያ በአማርኛ ስለሚመጣልኝ ትርጉሙን እኔ ነኝ የማስረዳት፤ እንዲህ እንዲህ እያልን እሷ ከአክስቴ ጋር ስልክ ላይ በአማርኛ ማውራት ስትጀምር እኔም አንድ ስንኝ ሳልሰናከል መጨረስ ቻልኩ።

ይህን የጻፍኩት እንደኔ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወይም የተመታ ሰው እያስታመመ ለሚያነብ ነው። የሚጥል፣ የሚያዞር ነገር ቢኖር ስሙን ብቻ ተናግራችሁ አትለፉ፤ ያያችሁትን ተናገሩ። ዓይኑ ተከፍቶ ነበር? ሲጠሩት መለሰ? ለምን ያህል ጊዜ? የሕክምና አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ሆስፒታሉ ሊያቀርብላችሁ ይችላል፣ መጠየቅም አያሳፍርም። ሕመሙ ጠፋ ማለት ቁስሉ ዳነ ማለት እንዳልሆነም ከእኔ ተማሩ። ለሐኪሟ፣ ለአክስቴና ለሊዲያ ምስጋናዬ ሳይነገር አይቅር፤ ሊዲያ ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ አሁንም ደጋግሜ እነግራታለሁ።

አንዳንድ ቅዳሜ የቀድሞ ጓደኞቼን ለማየት ሜዳ እሄዳለሁ። ከመስመሩ ውጭ ቆሜ ኳሱ ወደኔ በኩል ሲመጣ እግሬ ሳላዘው ይነሣል። ትንሽ ይሮጥና ያቆማል። ቃላቱ ከኔ ጋር ናቸው፤ ይበቃኛል እላለሁ፤ እግሬ ግን ገና አልተስማማም።