እማዬ ላይ የተቀዳው ዘፈን

እስክሪብቶ የካሴት ጥርስ ውስጥ ገብቶ ሲዞር የሚያሰማው ቀጭን ጠቅታ ዛሬም ሥራ ላይ እያለሁ ድንገት ይመጣብኛል። ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ባለቤቴ እንድሪስ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከአንድ አሮጌ ካሴት ሆድ የወጣውን ቡናማ ሪባን በትዕግሥት እያቃና ሲጠቀልል፣ እኔ ከጎኑ ሆኜ ምስር እለቅም ነበር።

«ከድምፅ ሥር ድምፅ ይቀራል ይላሉ። ትንሽ ተርፎ ይሆናል እኮ» አለኝ።

«ተው በአላህ! የጠፋ ጠፍቷል፤ አታድክመኝ» አልኩት።

ሳቅ ብሎ መጠቅለሉን ቀጠለ። አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ይኸው ነበር። መንገዱ ተዘግቶ የስኳር መድኃኒቱ አለቀበትና በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። በዚያ ካሴት ለምን ያን ያህል እንደለፋ ለመናገር ወደ ልጅነቴ መመለስ ግድ ይለኛል።

አባቴ ይመር ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ከአሰብ የተመለሰ የአክስቱ ልጅ ያመጣለትን፣ ሬዲዮም ካሴትም የሚያጫውት ቴፕ ከስፌት መኪናው ጎን አስቀምጦ፣ ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጊታር የሚመታበትን፣ ሳክስፎን የሚነፋበትን የአዲስ አበባ ባንዶች ዘፈን እያሰማ ይሰፋ ነበር። ፊደል ስላልቆጠረ ካሴቶቹን የሚለያቸው በክር ነበር፤ በቀዳዳው ነጭ ክር የታሰረበት መንዙማ፣ ሰማያዊ የታሰረበት ዘፈን፣ ምንም ያልታሰረበት ባዶ። ቀይ ክር የታሰረበት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእማዬ ነበር።

እማዬ ሐዋ የተወለደችው ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ውስጥ ነው። አንድ በጋ፣ በወንድሟ ሰርግ፣ ሴቶቹ ከብበዋት በአገሯ ቅኝት ስታዜም፣ አባባ ቴፑን በጋቢው ሸፍኖ ሳታየው ቀዳት። ቤት ገብተን ሲያሰማት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ኧረ ይሄ የኔ ድምፅ ነው? ፍየል አይመስልም?»

«እንዲህ ያለች ፍየል ባገኝማ ስፌቱን ትቼ እረኛ እሆን ነበር» አላት።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በገባ ቁጥር ያን ካሴት ይከፍትና፣ «ጊታሩ ሁሉ ይሄን አይችለውም» እያለ ይኩራራ ነበር። እሷ ከጓዳ ሆና «አጥፋው፣ ታሳፍረኛለህ!» ትለው ነበር፤ እሱ ግን አያጠፋውም ነበር።

ከዚያ ሰርግ በሁለተኛው ዓመት በልጉ ቀረ። ክረምቱም አንዴ ብቻ ዘንቦ ጠፋ። ከመስከረም ጀምሮ በቤታችን ፊት በሚያልፈው አውራ ጎዳና ከሰሜን የሚመጣው ሰው ቀኑን ሙሉ ያልፍ ጀመር፤ አንዳንዱ የኛ አጥር ሥር ቁጭ ይልና ከዚያ ወዲያ አይነሳም ነበር። እማዬ ያለንን ገብስ ቆልታ፣ ቀቅላ፣ በኋላም አጥሚት አድርጋ ታካፍል ነበር። ሰርግ ቆመ። ልብስ የሚያሰፋ ጠፍቶ አባባ የሚቀድደው አቡጀዲ ለከፈን ብቻ ሆነ፤ ቤት ውስጥም ከነጭ በቀር የክር ቀለም አልቀረም። ቴፑም ዝም አለ፤ በእኛ ዘንድ ደጅ ላይ ሬሳ እያለ አይዘፈንም።

እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከአቡጀዲ ቁራጭ የሠራኋት አሻንጉሊት ነበረችኝ፤ ነጭ ሆና ከፈን የለበሰች ስትመስለኝ ፈራኋትና፣ ቀለም ፍለጋ የካሴቶቹን ሳጥን ከፍቼ ቀዩን ክር ፈታሁት፤ መቀነት አድርጌም አሰርኩላት። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ያኔ ቴፑን የሚነካው ሰው አልነበረም።

በታኅሣሥ ገደማ ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረው መምህር እየሮጠ መጣ። «አያ ይመር! ፈረንጆች ለእኛ ዘፈኑ! ስመ ጥር ዘፋኞቻቸው በሙሉ ተሰብስበው፣ ለእኛ ረሃብ! ዛሬ ማታ በሬዲዮ ይሰማል።»

«ለወሎ?» አለ አባባ።

«ለዚሁ ለመንገዱ ላይ ሰው!»

እማዬ ድስቱን እያማሰለች ቀና አለች። «ሰው እየሞተ ይዘፈናል እንዴ?»

«ገንዘብ እያሰባሰቡበት እኮ ነው፣ እትዬ ሐዋ።»

«እሱስ ደግ። ግን ለቅሶ ቢያለቅሱ አይሻልም?»

አባባ አልሰማትም። እንዲህ ያለው ነገር ተቀድቶ መቀመጥ አለበት ብሎ፣ የደከሙትን የባትሪ ድንጋዮች ፀሐይ ላይ አሰጥቶ ሲያሞቅ ዋለ። ሲመሽ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አባባ ክር የሌለውን ካሴት ከሳጥኑ አውጥቶ ከተተ፤ ድንጋዩ እንዳያልቅበት ፈርቶ ከፍቶ እንኳ አላዳመጠውም። ዘፈኑ መጣ፤ ብዙ ድምፅ፣ ከበሮ፣ ደወል የሚመስል ነገር። አንድም ቃል የገባው ሰው አልነበረም። «ምን ይላሉ?» ሲባል መምህሩ «ስጡ ነው የሚሉት፣ ባጭሩ» አለ። አንዲት ጎረቤታችን አለቀሰች፤ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ «ስንዴው መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ። ዘፈኑ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ከዚያ በኋላ የሬዲዮው ወሬ አውሪ ቀጠለ፤ አባባም አንዲት ነገር እንዳታመልጠው ብሎ ካሴቱ እስኪያልቅ አላቆመውም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ፈረንጆቹ የወሰዱት ትንሽ ነበር፤ ቀሪውን የበላው ወሬ ነው።

ያወቅነው በመጋቢት፣ የመጀመሪያዎቹ የበልግ ጠብታዎች የወደቁ ዕለት ነው። አባባ ልቡ ቀለል ብሎት የእማዬን ድምፅ ሊሰማ ሳጥኑን ከፈተና ቀዩን ክር አጣው። ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እየከተተ ሞከረ። በመጨረሻ ያ ደወል መጣ። ቴፑን ዘጋና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ።

«ክሩ ወድቆ ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ሳላዳምጥ!» አለ።

እኔ አሻንጉሊቴን ከቀሚሴ ሥር ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቀዩን መቀነቷን በመዳፌ ጨበጥኩት።

«አብሽር እንጂ» አለችው እማዬ። «ካሴቱ ነው እንጂ የጠፋው፣ እኔ አለሁ አይደል?»

«እንግዲያው አሁን በይልኝ፤ ልቅዳው።»

«እዚህ መንገድ ዳር? በዚህ ሁሉ ሰው መሃል? አላህን ፍራ። ክረምቱ ይግባ፤ ሰው አገሩ ይመለስ፤ ያኔ እስኪሰለችህ አዜምልሃለሁ።»

ክረምቱ ገባ፤ በደንብም ዘነበ። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ዘር ይዞ ወደየቀየው መመለስ ጀመረ። እሷ ግን የምታስታምማቸው ሰዎች ተስቦ አስይዘዋት በሐምሌ ተኛች፤ ወሩም ሳያልቅ ቀበርናት። ሰው አገሩ ሳይመለስ አላዜምም ያለችውን ጠብቃ አንዲት ስንኝ አላዜመችም። አባባ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ፤ በሞተ ጊዜም ጥፋቱ የራሱ እንደሆነ ያምን ነበር። በየዓመቱ ልነግረው እነሳና አፌ ላይ ሲደርስ ይመለስብኝ ነበር። የነገርኩት ለእንድሪስ ብቻ ነው። እሱም አልፈረደብኝም፤ ይልቅ ካሴቱን ከአባባ ዕቃ መሃል ፈልጎ አወጣና ዓመታትን ለፋበት። እኔ ግን ያን ዕለት በረንዳ ላይ አታድክመኝ አልኩት።

ያኔ አንድ ካሴት፣ አንድ ቴፕና ፀሐይ የሞቀ ድንጋይ ነበረን፤ አንድን ድምፅም ማቆየት አልቻልንም። ለውጥ መጣ ከተባለ ወዲህ በየሱቁ ደጃፍ አምባሰልን በኪቦርድ የሚጫወት ወጣት ሞልቷል፤ ስልኬም የፈለግሁትን ዘፈን ወዲያው ያመጣልኛል፣ የፈለግሁትን ድምፅ ግን አያመጣም። በአሁኑ ጦርነት ደግሞ የዘፈነልን ፈረንጅ አልሰማሁም፤ መድኃኒትም አልመጣልንም።

እማዬ በየሰርጉ ስታዜም ይቀበሏት ከነበሩት ሴቶች አንዲቷ ገና በሕይወት እንዳለች የሰማሁት ባለፈው ዓመት ነው። እትዬ ወርቄ ትባላለች፤ ውጫሌ ከልጅዋ ጋር ትኖራለች። ድምፅዋን ልቀዳ ስልኬን ከፍቼ አጠገቧ ስቀመጥ፣ አንድ ሐረግ ትልና ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ያንኑ ሐረግ ትደግማለች።

«መሃሉስ፣ እትዬ ወርቄ?» አልኳት።

«መሃሉማ የሐዋ ነው፣ ልጄ። እሷ ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን። የእሷን እኔ በምን ልያዘው?»

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐይቅ ተሳፍሬ ውጫሌ እሄድና ከእትዬ ወርቄ ጋር ተቀምጬ መቀበል እማራለሁ።